በር የምትስለዋ ነፊሳ

ሱዳን ውስጥ ኸሽም ኤል ቂርባ፣ ከግድቡ በታች፣ የመስኖ ቦይ መዝጊያ እየበየድኩ ሳለሁ ከገዳሪፍ ላሜራ የሚያመጣልን የጭነት መኪና ሹፌር ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ጠራኝ።

«አንተ ሙሉ፣ ያቺ በር የምትስለዋ ሴትዮ ዘመድህ ነበረች?»

«ነበረች» የሚለው ቃል ነው ጆሮዬን የመታው። የብየዳ መነጽሬን ወደ ግንባሬ ገፋሁት።

«ባለፈው ዓርብ ቀበርናት። አላህ ይርሐማ» አለና ፊቴን ሲያይ ሞተሩን አጠፋው።

«አዎ፣ ዘመዴ ናት» አልኩት።

በሥጋ አንገናኝም። እኔ ከጎንደር በኩል የመጡ ስደተኞች ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ካምፕ ውስጥ ነው። ነፊሳ ገዳሪፍ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አጠገቤ ቆማ የሠራች ሴት ናት፤ እኔ ብረቱን እየቆረጥኩ፣ እሷ እየሳለችበት። ስኳር ነበረባት። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ይገኝና ደግሞ ወሩን ሙሉ ይጠፋል። እኔ ሥራ ፍለጋ ወደ ቂርባ ከመጣሁ ጀምሮ በስልክ «ደህና ነኝ፣ አንተ ሥራህን ሥራ» ስትለኝ እያመንኳት ሁለት ዓመት አለፈ።

መጀመሪያ ያየኋት ዓሚ ኢድሪስ የሚባሉ የገዳሪፍ ሽማግሌ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ በያጅ ሆኜ ስሠራ ነው። አንድ ጠዋት አርባን ያለፈች ቀጭን ሴት መጣች። ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ ከሥር የወንድ ሱሪ ለብሳለች፤ በእጇ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሙሉ ብሩሽ ይዛለች። ሰላምታውን ለሁሉም ካዳረሰች በኋላ ግራጫ ቀብቼ ግድግዳ ላይ ያስደገፍኩት የግቢ በር ፊት ቆመች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«እንዲህ እንዳለ ልትሰጡት ነው?» አለችኝ በአማርኛ። ሐበሻ መሆኔን በምን እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«ምን ጎደለው?»

«ፊት።»

ዓሚ ኢድሪስ ሳቁ፤ የምትለው ባይገባቸውም በር ላይ ዓይኗን ጨፍና የቆመች ሴት አሳቀቻቸው። «ትሞክረው» አሉ። ነፊሳ ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወደ በሩ ተጠጋች፣ በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኳችና «ቤቶች!» አለች። ከበሩ ጀርባ የሥራ ቤታችን ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ጠበቀች፤ የሆነ ሰው «ግቡ» ያላት ይመስል ጎንበስ ብላ የቀለም ቆርቆሮ ከፈተች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ሳታደርግ የጀመረችው በር አንድ ብቻ ነው፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

አባቷ ዑስማን የሚባል የሀዋታ ሰው ነበር፣ የሎሪ ሹፌር። ከራሃድ ሜዳ ማሽላ ጭኖ ወደ ገላባት፣ ከዚያም ተሻግሮ ወደ ሐበሻ አገር ይመላለስ ነበር። እናቷ ወይዘሮ አለሚቱ ከመተማ በላይ የሽንፋ ወንዝ ዳር ሰው ናቸው። እኛ ሽንፋ የምንለው ወንዝ ታች ሲወርድ ራሃድ ይባላል፤ ሀዋታም የምታርሰው በዚሁ ውሃ ዳር ነው። ዑስማን እዚያ ላይ አገባ፣ ነፊሳ ተወለደች፣ አራት ዓመት ሳይሞላት አባቷ በወባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። አገሩ ሲታመስ እናቲቱ ልጃቸውን አዝለው ወደ ሱዳን ተሻገሩ፣ የባላቸውን ዘመዶች ብለው ሀዋታ ድረስ ሄዱ። አጥሩ ጋ ቆመው ስማቸውን ተናገሩ። ከውስጥ የዑስማን እናት ወጥተው «ልጄ ሐበሻ አላገባም» ብለው መለሷቸው። ከዚያ ወዲያ ኑሯቸው ገዳሪፍ ሆነ።

ነፊሳ ስታድግ ሱዳኖቹ «ሐበሺያ» ይሏታል፤ የኛ ሰዎች «ዓረቧ» ይሏታል። ሌላው ደግሞ «ሙወለዳ» ይላታል፣ ከሁለት ወገን የተወለደች ማለቱ ነው፤ አንዳንዱ በፍቅር፣ አንዳንዱ አፉን አጣሞ። ሰው ፊት ለፊት «አንቺ ግን ምንድነሽ?» ሲላት «ቀለም ቀቢ» ትላለች። ካላመነ ጥፍሮቿን ታሳየዋለች። ጥፍሯ ሥር ምንጊዜም የሆነ ቀለም አይጠፋም፤ በላምባ አጥባው እንኳ አይለቅም።

የሱዳን ወረቀት አልነበራትም። ወረቀቱን ለማግኘት የአባት ዘመድ ቀርቦ «የኛ ልጅ ናት» ብሎ መመስከር አለበት፤ የሚመሰክር የላትም። በእናቷ የስደተኛ ካርድ ነበር የምትኖረው። ከሻ በሆነ ቀን፣ ፖሊሶች ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከገበያ እየለቀሙ ሲጭኑ፣ እሷም ከኛ ጋር ትጫናለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም መኪናው ላይ ተቀምጣ ከወጣቱ ፖሊስ ጋር ስለ ሀዋታ ዝናብ እያወራች ሄደች። «ዓረብኛሽ የእናቴን ይመስላል» አላት ልጁ። «እናትህ ወረቀት አላት?» አለችው። ሳቀና አንገቱን ደፋ። ሁለት ቀን ታስራ ወጣች።

በሮቿ እንዴት እንደሆኑ ልንገራችሁ። ባለቤቱ የፈለገውን ትሠራለታለች፤ ጨረቃ ላለ ጨረቃ፣ የአበባ ማሰሮ ላለ ማሰሮ። ዳር ዳሩን ግን ለማንም አትተውም። የእናቷ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ላይ ያለውን ቅርጽ በቢጫና በቀይ እየደገመች ታዞረዋለች፤ ከሱ ቀጥሎ የራሃድ ሴቶች የምግብ መክደኛ ስፌታቸው ላይ የሚያወጡትን ቅርጽ ታስገባለች። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ሲሄዱ የትኛው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ገዳሪፍ ውስጥ ሰው «ከነፊሳ በር ወደ ግራ ታጥፈህ» እያለ ቤት ማመላከት ጀመረ።

አንድ የሰሊጥ ነጋዴ በሩን ሊወስድ መጥቶ ዳሩን ሲያይ ተቆጣ። «ይሄ የሐበሻ ቀሚስ ነው። እኔ ቤት በር ላይ? ይጥፋልኝ!»

«እሺ ሐጅ፣ የቱ ይጥፋ? ያሳዩኝ» አለች ብሩሽዋን እያዘጋጀች።

ሰውዬው ቀረብ ብሎ ጣቱን አሳረፈ። ያሳረፈው ስፌቱ ላይ ነው።

«ይሄ?» አለች ነፊሳ ረጋ ብላ። «ይሄ እንኳ እናትዎ የኪስራ እንጀራ ሲያቀርቡልዎ የሚከድኑበት ነው።»

ዓሚ ኢድሪስ ሳቃቸውን ለመዋጥ ወደ ጓዳ ገቡ። ነጋዴው ብዙ ቆሞ አየው። እናቱ ካረፉ ስንት ዓመታቸው እንደሆነ እንጃ፤ ድምፁ ወረደ። «ተዪው» አለ። በሩን ሲጭኑለት በብርድ ልብስ አስጠቅልሎ ወሰደው።

ይህን ሳወራ እኔ ከሷ ጎን የቆምኩ ጀግና እንዳልመስላችሁ። የኛ ሰዎች በከተማው የነበራቸው ማኅበር ለግቢው በር ሲያሠራ ብየዳውን ለኔ ሰጡኝ። ሥዕሉን ማን ይሥራው ሲባል ስሟን አነሳሁ። ከኮሚቴው አንዱ «እሷማ ዓረብ አይደለች? የኛን በር ዓረብ ይስለዋል?» አለ። ሌሎቹም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ሥራው ለሌላ ሰው ሄደ።

በማግሥቱ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ብረት እያለሰለሰች ጠየቀችኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ሙሌ፣ አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ዝም አልኩ፣ እትዬ ነፊሳ።»

ብረቱን ማሸቱን አላቆመችም። «የሱዳኖቹን ለምጄዋለሁ» አለች ቆይታ። «አንተ ግን እናቴ ቤት ሽሮ በልተሃል።» ሌላ ነገር አልተናገረችም። ቀኑን ሙሉ እንደወትሮዋ ሠራች፤ ለምሳም ጠራችኝ፤ ፉል ውስጥ ዘይቱን ወደኔ በኩል ገፋችልኝ። ቢሰድቡት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በተቀመጥኩበት የሰው ዘር ሲነሳ ዝም ብዬ አላውቅም። ብዙ ጓደኛ አሳጥቶኛል፤ እንቅልፌን ግን በደህና እተኛለሁ። ይህን የሰጠችኝ እሷ ናት።

አሁን ወደ ሀዋታው በር ልምጣ።

አዝመራው የተሰበሰበበት ሰሞን ነው። አንድ ሹፌር የበር ልክ የተጻፈበት ወረቀት ይዞ መጣ፤ ዓሚ ኢድሪስ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ መጨረሻ ላይ የባለቤቱን ስም። ሐጅ ባቢክር፣ ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ስም፣ ሀዋታ። ነፊሳ አጠገቤ ብረት እያሸች ነበር። የማሸቱ ድምፅ ቆመ።

«ይሄን እኔ ልሳለው» አለች።

«አረንጓዴ ብቻ ነው የፈለጉት» አሉ ዓሚ ኢድሪስ።

«አረንጓዴም ይኖረዋል።»

ከሰዓት ሰው ሲቀንስ ለኔ ብቻ ነገረችኝ። «ያባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አያውቀኝም።»

አራት ቀን ሠራችበት። ሳታንኳኳ የጀመረችው በር ይሄ ነው። የበሩን ሁለት ክንፍ አንድ ሥዕል አደረገችው፤ በግራ በኩል ጥቁር መሬትና የታጨደ ማሽላ፣ በቀኝ በኩል ተራራ፣ ከተራራው ወደ ሜዳው የሚወርድ ቡናማ ወንዝ። ወንዙ ዳር አፍንጫዋን ወደ ሜዳው ያዞረች ቀይ ሎሪ ቆማለች፤ ጎኗ ሰማያዊ እንጨት ነው፤ ከሹፌሩ መስኮት በላይ ባለው ግንባሯ ላይ ነጭ ርግብ አለች። አባቷን አታስታውሰውም። ሎሪዋን የሳለቻት እናቷ እየደጋገሙ እንደነገሯት ነው። ዳሩ ላይ እንደልማዷ ጥለቱንና ስፌቱን አዞረች። ዓሚ ኢድሪስ አይተው «ሰውዬው ከመለሰው ኪሳራው ከኔ ይሁን፤ አንቺን ማንም ምንም አይልሽም» አሉና ስለበሩ ዳግመኛ አላነሱም።

እሷ ራሷ ካልሄድኩ አለች። በሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ቦክሲ በሚሉት ፒክአፕ ላይ አስረን በማለዳ ተነሳን። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ መኪናው ይዘላል፣ እሷ በየጊዜው ዞር እያለች በሩን ታያለች።

«ቢመልሱትስ?» አልኳት።

«በሩን ነው እኔን?»

«ሁለታችሁንም።»

«እናቴን አንዴ መልሰዋታል፤ አልሞተችም። እኔም አልሞትም።» ቶቧን ከአቧራ ሰበሰበች። «ሳልሄድ ብቀር ነው የሚቆጨኝ።»

ሐጅ ባቢክር ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ፣ ሰባን ያለፉ ሰው ናቸው። ዓንገረብ የሚሉትን የጠፍር አልጋ ጥላ ሥር አድርገው ይጠብቁናል። የድሮው የእሾህ አጥር ቀርቶ የጡብ አጥር ተሠርቷል፤ በሩ የሚገባበት ባዶ ነው። ከሁለት ጎረምሶች ጋር አውርደን አቆምነውና ብርድ ልብሱን ገለጥኩት።

ሽማግሌው ተነሱ። ቀረብ አሉ። በሩን ከዳር እስከ ዳር አዩት። እኔ መቀርቀሪያውን የማስተካክል መሰልኩ።

«አረንጓዴ ነበር ያልኩት» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ ሐጅ» አለች ነፊሳ።

«ይህችን መኪና ማን አሳየሽ?»

«እናቴ ነገረችኝ።»

«እናትሽ ማን ናት?»

«አለሚቱ። የዑስማን ሚስት።» ዓረብኛዋ የተስተካከለ ነው፤ ድምፅዋ ግን የልጅ ድምፅ ሆነ። «እኔ ነፊሳ ነኝ። በልጅነቴ አንዴ እዚህ መጥቼ ነበር።»

ሽማግሌው ወደሷ አልዞሩም። ሎሪዋን እያዩ እጃቸውን ዘረጉና ርግቧን በአውራ ጣታቸው ነኩ።

«ይቺን ራሱ ነው የሳላት» አሉ። «ግቢው መሃል፣ እዚያ ጋ መኪናዋን አቁሞ። ርግብ ናት ይላል፤ እኛ ዶሮ ናት እያልን እንስቅበት ነበር። ተቆጥቶ ሁለት ቀን አላናገረንም።»

ነፊሳ አፏን በቶቧ ጫፍ ያዘች። ይህን እናቷም አያውቁም ነበር። ርግቧን ከገበያ ያስቀባት ነበር የሚመስላቸው። ነፊሳ ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም ስትቀባ ከማን እንደወረሰችው አታውቅም፤ ያን ጊዜ አወቀች።

«ደግሞም ተሳስተሻል» አሉ ሐጅ ባቢክር። «የሹፌሩ በር አረንጓዴ ነው። ገላባት ላይ ተጋጭቶ የሌላ መኪና በር አስገጥሞባት ነበር። ቀይ አይደለም፣ አረንጓዴ።»

ማንም ማንንም አላቀፈም። ነፊሳ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ጣሳዋን ከፈተች፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን በጥብጣ አረንጓዴ አወጣች። ሽማግሌው ከኋላዋ ቆመው «ጠቆር ይበል። እንዲያ። እጀታው ወዲህ ነው» እያሉ ያዝዟታል። ቀለሙ እየደረቀ ሳለ ነው፣ እንዲሁ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የተናገሩት፤ «ያን ቀን እኔም ነበርኩ። ከእናቴ ኋላ ቆሜ ነበር። አንቺን እናትሽ ጀርባ ላይ አይቼሻለሁ። አፌን አልከፈትኩም።»

ነፊሳ ብሩሹን በጨርቅ ጠረገች። እኔን አየችኝ፤ ማኅበሩ ቤት ሻዬን የጠጣሁበትን ቀን እንዳሰበች ዓይኗ ነገረኝ።

«ዓሚ» አለቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «እንግዲህ አሁን ይክፈቱት።»

ሽማግሌው ወደ ግቢው ዞረው በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ። «እናንተ ቤቶች! ኑ! የዑስማን ልጅ መጣች!» ሴቶቹ ከየክፍሉ ወጡ። ማን እንደሆነች ሳይጠይቁ እልልታውን አቀለጡት፤ ጥያቄው በኋላ መጣ፣ ከምሳ ጋር፣ እስከ ማታ አላበቃም። በሩን የገጠምነው በማግሥቱ ነው።

ሁለት ወር ቆይቶ ሐጅ ባቢክር ሳይጠሩ ገዳሪፍ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ አንድ ሌላ ዘመድ አስከትለው፣ ነፊሳን ይዘው ወረቀት የሚሰጥበት ቢሮ ገቡና መሰከሩ። ወረቀቱ የወጣላት ቀን ወደ ሥራ ቤቱ ይዛው መጣች። ደስታ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ፎቶግራፏን እያየች «ግራጫ አድርገውኛል» ብላ ሳቀች። የእናቷን የስደተኛ ካርድም አልጣለችም። ሁለቱን ባንድ ፕላስቲክ አድርጋ በደረቷ ትይዛቸው ነበር። «አንዱን ብጥል ግማሼ ያለ ወረቀት ይቀራል» ትላለች።

ጦርነቱ ከካርቱም ተነስቶ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ስትሞላ በር የሚያሠራ ጠፋ። ነፊሳ ግቢዋን ለሦስት ቤተሰብ ለቀቀች። የተረፋትን ቀለም ይዛ ተፈናቃዮቹ ወደሰፈሩበት ትምህርት ቤት ሄደች፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ጥሎት የመጣውን በር ሳለችለት። «የኛ በር ሰማያዊ ነበር፣ አንዱ ጥግ ዝጓል» ይሏታል፤ ዝገቱንም ትስለዋለች። እኔ ወደ ቂርባ ስሄድ የሸኘችኝ ከዚያ ወጥታ ነው፤ እጇ ሰማያዊ እንደሆነ ጨበጠችኝ። ልጆቼ ዛሬ ሰው «ምንድናችሁ?» ሲላቸው ሁለቱንም ቋንቋ አከታትለው ይመልሳሉ፤ እናታቸው ሱዳናዊት ናት። እንዲህ አፋቸውን የፈታችው እሷ ናት፤ ገዳሪፍ ሳለን በየዒዱና በየፋሲካው ቤታችን እየመጣች።

መርዶውን በሰማሁ ማግሥት ገዳሪፍ ገባሁ። ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ከሀዋታ አንድ መኪና ሙሉ ሰው መጥቷል። ሐጅ ባቢክር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ማየት አቁሟል፤ ሰው ሲመጣ እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሓ ይቀራሉ። በገላባት በኩል ደግሞ የሟች እናቷ እህት እማማ ዘውዴ ተሻግረው መጥተዋል፤ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባቸው፣ ዓረብኛ የማያውቁ የሽንፋ ዳር አሮጊት። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም።

እማማ ዘውዴ እኔን ተደግፈው ወደ ድንኳኑ መጡ። ሽማግሌው የሴት እግር ሰምተው ማን እንደሆነች ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉና «ቢትና» አሉ።

«ምን አሉ?» አሉኝ እማማ ዘውዴ።

«ልጃችን ናት አሉ።»

አሮጊቷ ወደኔ ዞሩ። «ልጃችን ያሉት የነሱን ብቻ ነው? ወይስ እኛንም ጨምረው ነው?»

ቃሉ በዓረብኛም እንደኛው ነው፤ አይለይም። ደስ የሚላቸውን መልስ ከራሴ መስጠት እችል ነበር። አልሰጠሁም፤ ወደ ሐጅ ባቢክር ዞሬ ጥያቄውን እንዳለ አቀረብኩት።

ሽማግሌው የማያይ ዓይናቸውን ወደ እማማ ዘውዴ አዞሩ።

«ኩለና» አሉ። ሁላችንም።

ከዚያም ምንጣፉን በእጃቸው እየዳበሱ ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁ። ይህን መተርጎም አላስፈለገኝም። እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።